ሐተታ፤ ስለ ሊቀ ጳጳስ ሞንሴንግዎና ስለ አባቴ

አባቴ የተቀበረ ዕለት ጎረቤታችን ለቅሶ ደረሱ፤ ነጠላቸውን ግን አላዘቀዘቁም። ለሰንበት እንደሚለብስ ሰው ጥለቱን ወደ ታች አድርገው መጡ፣ አጥሩ በር ላይ ቆሙ፣ ሬሳው ሲወጣ አዩና ተመለሱ። መንደሩ ሁሉ አያቸው። እኔም ከአባቴ ቀብር እስከ ዛሬ አጥርቼ የማስታውሰው ያንን ጥለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ካቴኪስት ነበር። ካህን በወር አንዴ በሚመጣባት ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ጸሎታችን እሑድ እሑድ ወንጌል የሚያነበው፣ ልጆች የሚያስተምረው፣ በሟች ላይ የሚጸልየው እሱ ነው። የመንደሩን ደብዳቤ የሚያነብም የሚጽፍም እሱ ነው። እናም የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ምረጡ ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው እሱን ነበር። እንቢ አለ፤ ሽማግሎች ለመኑት፤ እጅ ወጣ፤ ተመረጠ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ታወጀ። ኮታ መጣ፤ አንድ ዙር ከእኛ ቀበሌ ስድስት ወጣት ተባለ። አባቴ ስድስት ስም ጻፈ፤ ሦስተኛው ላይ ታላቅ ወንድሜን፣ የገዛ ልጁን አሰፈረ። ሕዝብ ተሰብስቦ የሚገኘው እሑድ ስለሆነ ዝርዝሩን ያነበበው ከጸሎት በኋላ በቤተ ጸሎቱ ግቢ ነው። ወንድሜ ከአራት ዓመት በኋላ ሁለት ጣቱን አጥቶ ተመለሰ። የጎረቤታችን ልጅ አልተመለሰም።

አባቴ የሞተው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ወድቋል፣ ገበሬ ማኅበሩም እንደ ቀድሞው አይደለም። እኔ ያን ጊዜ ዘርአ ክህነት ገብቼ ለቅስና እማር ነበር። ከቀብር መልስ የንባብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ የፈረንጅ መጽሔት ተዘርግቶ አገኘሁ። መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አንድ ጥቁር ሊቀ ጳጳስ ከትልቅ አዳራሽ ፊት ተቀምጠው መዶሻ ይዘዋል። የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መስሎኝ ነበር። ከሥሩ የተጻፈውን ሳነበው የአገር ጉባኤ ነው። አባቴን ያየሁት መሰለኝ።

ሊቀ ጳጳሱ የኮንጎ፣ የያኔዋ ዛየር፣ ሰው ናቸው፤ የዚያን አገር ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ላስቀምጥ። ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ ከ1965 ጀምሮ ብቻቸውን ገዝተው በኤፕሪል 1990 የብዙ ፓርቲ ሥርዓት ፈቀድኩ አሉ። በኦገስት 1991፣ አዲስ አበባ ላይ የሽግግሩ ጉባኤ ከተካሄደ ከወር በኋላ፣ ኪንሻሳ ላይ ራሱን ሉዓላዊ ያለ ብሔራዊ ጉባኤ ተከፈተ። ከ2,800 በላይ ተወካይ የተገኘበት ጉባኤ ነው፤ ሁሉም እኩል የሚያምነው መሪ ግን አልነበረውም። በዲሴምበር የኪሳንጋኒውን ሊቀ ጳጳስ ሎራን ሞንሴንግዎ ፓሲንያን መረጠ። ፓርቲ የላቸውም፤ ጦር የላቸውም፤ የጳጳሳቱ ጉባኤ መሪ ናቸው። ቻይናዎች በሠሩት የሕዝብ ቤተ መንግሥት አዳራሽ መዶሻውን ያዙ። ከአንድ ወር ብዙም ሳያልፍ፣ በጃንዋሪ 1992፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንጉዛ ካርል ኢ ቦንድ ጉባኤውን ዘጉት። ፌብሩዋሪ 16 እሑድ ነበር። የኪንሻሳ ክርስቲያን ከቅዳሴ ወጥቶ መስቀልና መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ «ጉባኤው ይከፈት» እያለ ሰልፍ ወጣ። ወታደር ተኮሰበት። ሬሳው በአስሮች የሚቆጠር ነበር። በኤፕሪል ጉባኤው ተከፈተ፤ ሊቀ ጳጳሱም ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

ያን መጽሔት ይዤ የቀኖና መምህራችን ዘንድ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሞተዋል። አነጋገራቸው ግን አልሞተልኝም። የቤተ ክርስቲያኒቱን ሕግ ገለጡና ቀኖና 285ን አነበቡልኝ፤ ካህናት የመንግሥት ሥልጣን ያለበትን ሹመት እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ከዚያ መጽሐፉን ዘጉት። «አለቀ» አሉኝ። አባቴስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አባትህ ምዕመን ነው፤ ሕጉ አይመለከተውም» አሉ። እኔ የጠየቅሁት አባቴ ሕግ ተላልፎ እንደሆነ አልነበረም። አንዲት እናት ነጠላቸውን ያላዘቀዘቁት ለምን ሊሆን እንደሚችል ነበር። እሳቸው ግን፣ በደርግ ጊዜ በየስብሰባው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ሲያወጡ ያየናቸው እሳቸው፣ ንጹሕ መሆናቸውን ያወቁት ወንበር ስላልያዙ ብቻ ነው። በኋላ ራሴ ስገልጠው ቀኖና 287ም እዚያው አጠገብ ተቀምጧል፤ ካህን በፓርቲና በሠራተኛ ማኅበር አመራር እንዳይገባ ይከለክልና የቤተ ክርስቲያን መብት ወይም የሕዝብ ጥቅም ግድ ሲል እንደሚፈቀድለት ይናገራል። ያንን አላነበቡልኝም። እውነቱን ለመናገር ቢያነቡልኝም ጥያቄዬን አይፈታም ነበር፤ ስለ ፓርቲ እንጂ ስለ ሥልጣን አይናገርምና። ያናደደኝ ሙሉ ሳይነበብ የተዘጋው መጽሐፍ ነው።

ሥልጣን በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይህን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም። «መንግሥቴ ከዚህ ዓለም አይደለችም» የሚለውን የሚጠቅሱልኝም አሉ፤ ክርስቶስ የተናገረው በአገረ ገዥ ፊት ቆሞ ስለሆነ ለማንኛችንም የሚመች ጥቅስ አይደለም፤ አልፈዋለሁ።

የማላልፈው ሌላ ነው። እምነት ማለት አደራ ነው። ሰው ለካህኑ፣ ለካቴኪስቱ፣ ለጳጳሱ ልቡን የሚሰጠው ለአንድ ነገር ነው፤ ለንስሐ፣ ለጸሎት፣ ለቀብር። ያንን የተከማቸ እምነት ይዞ ሄዶ ወንበር ላይ ማውጣት ለእህል ግዥ የተሰጠን ገንዘብ ወስዶ ለሌላ ጉዳይ እንደ መመንዘር ነው። ጉዳዩ የተቀደሰ ቢሆንስ? አደራ በላ የሚባለው እኮ ለመጥፎ ያዋለ ብቻ አይደለም።

መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ባለ አደራውን የላኩት ራሳቸው አደራ ሰጪዎቹ ናቸው። የጉባኤው ተወካዮች ሞንሴንግዎን የመረጡት ጳጳስ ስለሆኑ ነው፤ የእኛ ሰዎች አባቴን የመረጡት ወንጌል ስለሚያነብ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ በደሉ የታል? ይህን መልስ ይዤ ሁለት ዓመት ያህል ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ ፌብሩዋሪ 16 ነው። የሞቱት ተወካዮች አልነበሩም። ተሰልፈው የወደቁት ከቅዳሴ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ወንበሩ የተመለሰው በእነሱ ደም ነው። እነሱ የወጡት ለሊቀ ጳጳሱ ሳይሆን ለፍትሕ ነው። ታዲያ ከኤፕሪል በኋላ ሊቀ ጳጳሱ የተቀመጡበት አደራ የማን ነው? የተወካዮቹ? የሟቾቹ? ሟች እንደ ሕያው ምርጫውን ሊለውጥ፣ «በቃ ታረቅ» ሊል አይችልም።

እናም 1994 መጣ። ከዚያ በፊት፣ በኦገስት 1992፣ ጉባኤው በከፍተኛ ድምፅ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ የመረጣቸው የተቃዋሚው መሪ ኤትየን ቺሴኬዲ ግምጃ ቤቱንም ጦሩንም አላገኙም። ሞቡቱ ወታደሩን በአዲስ ባለ 5 ሚሊዮን ዛየር ኖት ከፈሉት፤ ቺሴኬዲ ኖቱ ገንዘብ አይደለም አሉ፤ ነጋዴው አልቀበልም አለ፤ በ1993 መጀመሪያ የተቆጣው ወታደር ከተማውን ዘረፈ፤ ጉባኤውን የተካውን፣ ሊቀ ጳጳሱ የሚመሩትን የሪፐብሊኩን ከፍተኛ ምክር ቤትም ለቀናት ከበበው። አንድ የገንዘብ ኖት አገርን ለሁለት ሲከፍል ማየት ነው። ሊቀ ጳጳሱ አስታራቂ መንገድ ፈለጉ። የሞቡቱ ፓርላማና የእሳቸው ምክር ቤት ተቀላቅለው አንድ ሆኑ፤ እሳቸው መሩት፤ በጁን 1994 የሞቡቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬንጎ ዋ ዶንዶ ተመረጡ። የቺሴኬዲ ሰዎች ሊቀ ጳጳሱ ሸጡን አሉ።

እኛ አገር ሽማግሌና ዳኛ ይለያያል። ሽማግሌ ግማሽ ግማሹን ያስጥላል፤ «አንተም ተው አንተም ተው» ብሎ ለሁለቱም የሚበላ ያተርፋል። ዳኛ ግን ሕግ ፊት ቆሞ ለአንዱ ይፈርዳል። ሊቀ ጳጳሱ የሽምግልና ልብ ይዘው ዳኛ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ነበሩ፤ ጉባኤው ራሱን ሉዓላዊ ብሏል፣ ሉዓላዊ ማለት ፈራጅ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ከሮማው ጳጳሳዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም ዶክትሬት የወሰዱት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሞንሴንግዎ ናቸው፤ ያጠኑትም በግሪኩ ኦሪት ውስጥ «ኖሞስ» የሚለውን ቃል፣ ሕግን ነው። ዕብራይስጡ ቶራ ሲል መምራት፣ ማስተማር ማለቱ ነው፤ ግሪኮቹ ሕግ ብለው ተረጎሙት። በዚህ በአንድ ቃል ላይ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ቆይቶ ያው ጥያቄ በወታደር ተከብቦ መጣበት፤ ማስተማር ነው ወይስ መፍረድ?

ከዘርአ ክህነት ወጣሁ። ምክንያቱ ይህ ብቻ አልነበረም፤ ግን አንዱ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ካርቦን ወረቀት፣ ክረምት ላይ ላስቲክ። ይህ ሥራ ከመምህሬ ያላገኘሁትን አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ለአንዱ የምጽፍለት ሁልጊዜ በሌላው ላይ የምጽፍበት ነው። ለሁሉም የሚጻፍ ማመልከቻ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሌሎች ምሳሌዎችን ያመጡልኛል። ኮቶኑ ላይ ሊቀ ጳጳስ ኢዚዶር ደ ሱዛ በፌብሩዋሪ 1990 የቤኒንን ብሔራዊ ጉባኤ መርተው በአሥር ቀን ገደማ አጠናቀቁ፤ እስከ ምርጫ የሽግግሩን ምክር ቤት ይዘው ቆዩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ተሳካላቸው፤ የአገሩ ፕሬዚዳንት ኬሬኩ እሺ ስላሉ ተሳካላቸው። ይህ ስለ ኬሬኩ እንጂ ስለ ወንበሩ የሚነግረኝ ነገር የለም። ኪጋሊ ላይ ደግሞ ሊቀ ጳጳስ ቪንሰንት ንሴንጊዩምቫ የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀመጡ። በጁን 1994 ከሌሎች ሁለት ጳጳሳትና ካህናት ጋር በአማፂው ጦር ወታደሮች ተገደሉ። ሞታቸውን የወንበራቸው ፍርድ አድርጌ አላነብም፤ ማንም ሰው እንዲህ ሊሞት አይገባውም። ነገር ግን የሩዋንዳ ምዕመን እረኛውን ፍለጋ ሲያይ ያ የኮሚቴ ወንበር ከፊቱ መቆሙ አይቀርም። ሞንሴንግዎ ከእሳቸው ጋር አንድ አይደሉም፤ አንደኛው በገዢው ወንበር፣ ሌላው ገዢውን ሊገራ በተቀመጠ ወንበር። ልዩነቱን አውቃለሁ። ጎረቤታችን ግን ልዩነቱን ይቀበሉታል ወይ?

የዛሬ ስድስት ዓመት ሄጄ ጠየቅኋቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቡና እያፈሉ ነበር። ረከቦቱን ወደ እኔ ሳብ አደረጉልኝ። «እትዬ፣ አባቴን ሲመርጡ እርስዎም እጅዎን አውጥተው ነበር» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«አውጥቻለሁ» አሉ። «እጄን ያወጣሁት እንዲያነብልን ነው እንጂ እንዲጽፍብን አይደለም።»

«የገዛ ልጁንም ጽፏል እኮ።»

«ጽፏል። ያንተን ወንድም ግን የአባቱ ድምፅ ነው የጠራው። የኔን ልጅ የጠራው የወንጌሉ ድምፅ ነው።»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ግን አንድ ነገር እላለሁ፤ ያንን ዝርዝር አባቴ ባይጽፈው ሌላ ይጽፈው ነበር፣ ያ ሌላው የራሱን ልጅ ባልጻፈ ነበር። ሞንሴንግዎ መዶሻውን ባይዙ ሌላ ይይዘው ነበር፣ ያ ሌላው ፌብሩዋሪ 16ን ባላስታወሰ ነበር። መምህሬ ቢኖሩ ይህን ክርክር የዲያብሎስ ክርክር ይሉት ነበር። ይበሉት። በበኩሌ ሊቀ ጳጳሱ መቀመጣቸውን ሳይሆን እስከ 1996 መቆየታቸውን ነው የምነቅፈው፤ ይህንንም ስል እጄ ሙሉ በሙሉ አይጸናም። በሜይ 1997 ሞቡቱ ሊወድቁ ሲሉ ያንኑ ወንበር እንዲይዙ እንደገና ሲመረጡ አልተቀበሉም። ተምረው ነው? ፈርተው ነው? በ2011 የምርጫው ውጤት ከእውነትና ከፍትሕ ጋር አይገጥምም ብለው በአደባባይ ሲናገሩ፣ በ2018 መጀመሪያ በሰልፈኞች ላይ የተፈጸመውን ግፍ ሲያወግዙ፣ የኪንሻሳ ሊቀ ጳጳስና ካርዲናል ብቻ ነበሩ፤ ወንበር አልነበራቸውም። ድምፃቸው የከበደው ወንበሩን ስለተዉት ነው ወይስ አንድ ጊዜ ስለተቀመጡበት? በጁላይ 2021 ፈረንሳይ አገር አርፈው ኪንሻሳ ካቴድራላቸው ውስጥ ተቀበሩ። ለቅሶ የመጣው ሰው ልብሱን እንዴት እንደለበሰ ማየት እመኝ ነበር።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እትዬ አንድ የታጠፈ ወረቀት ከፍራሻቸው ሥር አወጡ። የድንበር ክስ ነው፤ የእርሻቸው ወሰን ተገፍቷል ይላሉ። «አንተ ትጽፋለህ አሉ» አሉኝ። ወረቀቱን ገለጥኩት። የገፋው የኛ ቤት ነው፤ አሁን መሬቱን የያዘው ወንድሜ ነው።

ጻፍኩላቸው። ወንድሜ እስካሁን አላናገረኝም።