ደረቅ ጨው አታስልሰው

ስማኝ ልጄ፤ ጥጃው ካስቀመጠው ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው አልኸኝ። አሞሌ ፈልጠህ ልታስልሰው መነሳትህንም ሰማሁ። ተው! ለበሬህ ደግ ነው፤ ለሚያስቀምጠው ጥጃ ግን አይሆንም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንዳይሆንብህ ምክንያቱን ልንገርህ።

ጥጃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚጥሉት አንዱ ዐይን የማያየው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚሉት ጥገኛ ተውሳክ ነው። ወር ጠጋ ሲል ደግሞ ደም እያስቀመጠ የሚያስምጠው ኮክሲዲያ ይመጣል። የአልቤንዳዞል ኪኒን ሁለቱንም አይነካም፤ እሱ ለትል ነው። ምግብና ጨው የሚመጠው የአንጀት ጸጉር በእነዚህ ሲመታ በረዶ የወረደበት የጤፍ ማሳ ይሆናል። ውሃ የሚከተለው ጨውን ነውና ጨው ካልተመጠጠ ውሃውም ይፈስሳል። በዚህ ላይ ደረቅ ጨው ስትጨምርበት አንጀት ውስጥ ቁጭ ብሎ ከገላው ውሃ ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል።

ታዲያ ጨው ይቅር አላልሁም። ጨውና ግሉኮስ ተያይዘው ሲመጡ በአንድ ተሸካሚ አብረው ይገባሉ፤ ይህ መንገድ በታመመ አንጀት እንኳ ጨርሶ አይዘጋም። በ1971 እ.ኤ.አ. የቤንጋል ስደተኞችን ኮሌራ ሲፈጃቸው ብዙዎቹን ከሞት የመለሳቸው ይኸው ውህድ ነው። ከጤና ኬላ ለልጆቻችን የምናመጣው ኦ.አር.ኤስም ያው ነው። ለጥጃ የተዘጋጀ ካገኘህ እሰየው፤ ካጣህ የልጆቹን አንድ ከረጢት ፈልቶ ለብ ባለ 1 ሊትር ውሃ በጥብጥለት። የሻይ ስኳር ግን አትጨምርበት፤ ጥጃ ያንን የሚፈጭበት አቅም በአንጀቱ የለውም፣ ጭራሽ ያስቀምጠዋል።

ወተቱንም አትከልክለው። ይጥባ፤ ውህዱን ከወተት ሳትቀላቅል በመሃል በመሃል ስጠው።

ለወደፊቱ ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። እንገሩን በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 2 ሊትር ያህል። እኛ አገር እንገር ሲገኝ ጎረቤት ይጠራል፤ እኔም ብጠራ አልቀርም፣ ግን ጥጃው ይቅደም። ጋጣውን በየቀኑ ጠርገህ አድርቀው፤ ተውሳኩ እርጥበት እንጂ ድርቀት አይመቸውም። ክሪፕቶስፖሪዲየሙ ሰውንም ይይዛልና ከጥጃው ጋር የሚያድሩት ሕፃናት ለብቻ ይተኙ፤ የነካውም ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

አሁን ሂድና አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጠህ ልቀቀው። ቶሎ ካልተመለሰ ውሃው አልቋል። ዐይኑ ከጎደጎደ፣ አፉ ከቀዘቀዘ፣ ጣትህን አልጠባም ካለ በጠርሙስ አታንቆርቁርበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲባል አልሰማህም? ያኔ የሚያድነው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ነውና ሳይመሽ አሸክመህ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ አድርሰው።