በዐቢይ ጾም ዓይናችን ወዴት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ እንርቃለን፤ በአዘቦት ቀናት ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ይዞራል፤ ስግደቱም ይበዛል። ይሁን እንጂ ፋሲካ ባለፈ ማግሥት ብዙዎቻችን ወደ ቀድሞው ቁጣና ወደ ቀድሞው ሐሜት እንመለሳለን። ሆዳችን ሲጾም ጠባያችን ለምን ሳይለወጥ ቀረ? እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰውን የሚለውጠው የተወው ነገር ነው ወይስ የሚመለከተው?

ጾም በውስጣችን ቦታ ያስለቅቃል። የተለቀቀ ቦታ ግን በራሱ ቅድስና አይደለም። ጌታችን በምሳሌ የተናገረለት ቤት (ማቴ. 12፥43-45) ተጠርጎና ተሰናድቶ ነበር፤ ባዶ በመሆኑ ግን የወጣው ርኩስ መንፈስ ሌሎች ሰባት አስከትሎ ተመለሰበት። ለቤቱ የጎደለው መጥረጊያ ሳይሆን ባለቤት ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም (2ኛ ቆሮ. 3፥18) የጌታን ክብር ያለ መጋረጃ የሚመለከቱ ሁሉ ያንኑ መልክ ወደ መምሰል እንደሚለወጡ፣ ይህም የመንፈስ ቅዱስ ሥራ መሆኑን ያስተምረናል። ሰው አዘውትሮ የሚመለከተውን እየመሰለ ይሄዳል ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስለምታውቅ ከምግብ በመከልከል ብቻ አልተወሰነችም። ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ የተወሰዱትን የስምንቱን ሳምንታት ስሞች እናስተውል፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። አንዱ እንኳ የምግብ ስም አይደለም። ከሰማይ የወረደውን፣ መቅደሱን ያጸዳውን፣ በሽተኛውን ያስነሣውን፣ ዳግመኛም የሚመጣውን ጌታ በየሳምንቱ በፊታችን ታቆምልናለች።

በተለይ የዘወረደና የኒቆዲሞስ ወንጌል ከአንድ ምዕራፍ፣ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 የተወሰዱ ናቸው። ኒቆዲሞስ በሌሊት ወደ ጌታ በመጣ ጊዜ ጌታ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን እባብ አስታወሰው። በእባብ የተነደፉት እስራኤላውያን እንዲድኑ የታዘዙት ቀና ብለው እንዲያዩ ነበር (ዘኍ. 21)። የሰው ልጅም እንደዚያው ከፍ ብሎ ሊሰቀል ይገባዋል ተባለ። ኒቆዲሞስ ያን ሌሊት ነገሩ አልገባውም። በምዕራፍ 7 ግን ሰው ሳይሰማ ሊፈረድበት አይገባም ብሎ በአለቆች መካከል አፉን ሲከፍት እናገኘዋለን። በምዕራፍ 19 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት 100 ንጥር ያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጥቶ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር የተሰቀለውን ገነዘ። በጨለማ ተሰውሮ የመጣው ሰው በመስቀሉ ሥር ያለ ፍርሃት ቆመ። ለውጡ የአንድ ሌሊት አይደለም፤ ዓይኑን ከጌታ ላይ ባለማንሣቱ ቀስ በቀስ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ፣ «ይሁዳስ? እርሱም ከጌታ ጋር ውሎ እያደረ አይቶት አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ (12፥6) ይሁዳ ከረጢት ያዥና ሌባ እንደ ነበረ ይነግረናል። ፊቱ ወደ ጌታ ነበር፤ ዓይነ ልቡናው ግን ከረጢቱ ላይ ነበር። ስለዚህ መመልከት ማለት በፊቱ መቆም ብቻ አይደለም፤ የያዙትን ለመልቀቅ ፈቅዶ ማየት ነው። ለዚህ ነው ጾምና ተመስጦ የማይነጣጠሉት፤ ጾም እጅን ከከረጢቱ ያላቅቃል፤ ተመስጦ ዓይንን ወደ ጌታ ይመልሳል። ንስሐና ቅዱስ ቁርባን ደግሞ ከምናየው ጌታ ጋር ያዋሕዱናል።

የእኛ የዘመኑ ወጣቶች ከረጢት ብዙውን ጊዜ በኪሳችን ያለው ስልክ ነው። ከበያይነቱ በቀር ሌላ ሳንቀምስ ዓይናችን ግን የሰው ስድብና የሰው ውርደት ሲመገብ ያመሻል። ዓይንም መጾም አለበት ስንባል ይህን ልናስብ ይገባናል።

ጌታን በእውነት መመልከታችን የሚታወቀው ሌላውን ሰው በምናይበት ዓይን ነው። መጻጉዕ 38 ዓመት በአልጋው ላይ ሲተኛ ብዙዎች በአጠገቡ አልፈዋል፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ግን አልነበረውም። ጌታ አየው፤ ጠየቀውም። በሳሪስም በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡ ነዳያን፣ ከፋብሪካ ሥራ ደክመው ወጥተው በታክሲ ሰልፍ የሚቆሙ ወገኖች አሉ። ጾመን እነርሱን ካላየን ያየነው ማንን ነው?

ሳሪስ አቦ የምንለው የጻድቁን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ቤተ ክርስቲያን ነው። በዓለ ዕረፍታቸው መጋቢት 5 ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። በሥዕላቸው አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው፣ በውኃ ጥም የደከመች ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ እናያለን። ወደ እግዚአብሔር ሲመለከት የኖረ ዓይን ለተጠማ ፍጥረት መጠጥ ሆነ። ከዚህ የበለጠ የጾም ትምህርት ከወዴት ይገኛል?

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የየሳምንቱን ወንጌል እሑድ ሳይደርስ በቤታችን እናንብብ፤ ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ጌታን በዚያ ሥራው እንመልከተው፤ ከጠባያችን እርሱን የማይመስለውን አንዱን መርጠን በዚያ ሳምንት እንታገለው። ያን ጊዜ ፋሲካ ሲመጣ የምንገድፈው ከምግብ ብቻ ይሆናል፤ የለመድነው ፍቅር ግን ከእኛ ጋር ይቀራል።

ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።