ምልክት በሥራ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደረግም

ወላጅ ልጁ ከሚያየው ነገር ክፉውን ሊጠብቅለት ይገባል። በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ በቴሌቪዥን ትርኢት ላይ የሚደረገው የዕድሜ ምልክት ለዚሁ የታሰበ ነው፤ ድብደባ፣ ስድብ ወይም የፍትወት ነገር ቢኖር አስቀድሞ ይናገራል። እነዚህ ሁሉ ሰው የሚሠራቸው ሥራዎች ናቸው።

በ2022 ግን 5 የአሜሪካ ሴናተሮች ሌላ ነገር ጠየቁ። ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት፣ ሴት ተብለው ተወልደው እንደ ወንድ የሚኖሩትንና እነርሱን የመሰሉትን የሚያሳይ የልጆች ትርኢት ማስጠንቀቂያ ይደረግበት አሉ።

የዚህን ነገር ፍሬ የወልቂጤና የቡታጅራ ወጣት ከአገሩ ታሪክ ሊያውቀው ይችላል። በጉራጌ አገር ፉጋ የተባሉት እንጨት ሠሪዎች የቤቱን ምሰሶ ጠርበው ያቆሙ ነበር። ቤቱ በእጃቸው ቆመ፤ እነርሱ ግን መሬት እንዳያርሱ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ልማድ ከለከላቸው። ልጅም ምን አጠፉ ብሎ ሳይጠይቅ መራቅን ተማረ። የዚህ ርዝራዥ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

«ወላጅ የማወቅ መብት አለው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ክፉ ሥራ ካለ ይነገረው። ነገር ግን ማንንም ሳይበድል በትርኢቱ ውስጥ እንጀራውን የሚበላ ሰው እንደ አደጋ ከተቈጠረ፣ ልጁ የሚጠበቀው ከክፋት ሳይሆን ከጎረቤቱ ነው። ከሚያዩትም ልጆች መካከል እንዲህ ያለ ቢኖር፣ አደጋው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ይማራል።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ ከሰው ራቅ ሲሉህ «ምን አደረገ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ሐሰተኛው ምልክቱ ነው።