«እመለሳለሁ» ማለትን ማስተማር

ለትምህርት ልውውጥ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ተማሪዎችን ሳዘጋጅ ብዙው ነገር ቀላል ነው። ፓስፖርቱ፣ የብርድ ልብሱ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው በርበሬና ሽሮ። ከባዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ትምህርቴን ስጨርስ ወደ አገሬ እመለሳለሁ።»

ነገሩ የመጣው ከሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እንዲህ ያለ ቪዛ የሚጠይቅን ሰው፣ ተቃራኒውን እስኪያሳምን ድረስ፣ እዚያው ሊቀር እንዳሰበ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ተማሪዎቼን ቆንስሉ ፊት እንደቆሙ አድርጌ አለማምዳቸው ነበር። «ዓይን ዓይኑን እያየሽ፣ ሳታመነቺ። በይ እንደገና!»

ባለፈው ወር አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ግን ባልመለስስ? ውሸት እያስተማሩን ነው ማለት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዓመታት በፊት እንዲሁ ያለማመድኩት ልጅ እንደሄደ ቀርቷል። እናቱ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «መምህር፣ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። ልጁ ያንን ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ሲለማመድ እሳቸውም ይሰሙት ነበር። ቆንስሉ ይኼኔ ረስቶታል፤ እናትየው ግን ቃል ኪዳን አድርገው ይዘውታል።

ታዲያ የቀረ ሁሉ ዋሽቷል? አይመስለኝም። ዶክተር መላኩ በያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1935 አገራቸው ገቡ፤ የጣሊያን ወረራም ደረሰባቸው። በዓመቱ ለኢትዮጵያ ድጋፍ ሊያሰባስቡ አሜሪካ ተመልሰው ሄዱ፤ በ1940 እዚያው አረፉ። እሳቸውን ማን «ቀሩ» ይላቸዋል? ግን ይህን ታሪክ ማምለጫ ላደርገው አልፈልግም። መላኩ የሄዱት ለአገር ተልከው ነው፤ የእኔ ተማሪ የቀረው ለራሱ ነው።

አሁን የደረስኩበት ይኼ ነው፦ ሰው ነገ የሚያደርገውን አያውቅም፤ ዛሬ የሚያስበውን ግን ያውቃል። ውሸቱ መቅረቱ ላይ አይደለም፤ ለመቅረት ቆርጦ «እመለሳለሁ» ማለቱ ላይ ነው። ለልጅቷም እንዲህ አልኳት፦ «ለመቅረት ከቆረጥሽ እኔ አላለማምድሽም። ካልቆረጥሽ ደግሞ የምትመለሺበትን ምክንያት ራስሽ ፈልጊው። መጀመሪያ ለቆንስሉ ሳይሆን ለእናትሽ ንገሪያት።»

ሁለት ሳምንት ከልምምዱ ጠፋች። ስትመጣ፣ «ለእማዬ ‹ልመለስ ነው የማስበው፤ ግን እፈራለሁ› አልኳት» አለችኝ።

ለቪዛ የሚበቃ መልስ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን አላረምኳትም።