አራቱ ተሸካሚዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 እንደሚነግረን፣ በቅፍርናሆም አንድን ሽባ አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ጌታችን አመጡት። ሕዝቡ ቢበዛባቸው ጣራውን ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። ጌታችንም የተሸካሚዎቹን እምነት ተመለከተ።

ይህ ቃል ሲነበብ ታናሽ ወንድሜ ትዝ ይለኛል። ሲወለድ ጀምሮ ልቡ ቀዳዳ ነበረበት። ደባርቅ ላይ እኩዮቹ ዳገቱን በሩጫ ሲወጡ፣ እርሱ ትንፋሽ እያጠረው በእናታችን ጀርባ ይታዘል ነበር። ጎንደር ወርዶ ተመርምሮ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል በተባልን ጊዜ አባታችን፣ «ደረቱ ተከፍቶ ከሚሞትብኝ ጠበሉን ይጠመቅ» አለ። የንስሐ አባታችን ግን፣ «ልጄ፣ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ በምዕራፍ 38 ጽፎልናል» ብለው መከሩት።

ወረፋችን ሲደርስ አዲስ አበባ ገባን። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕጻናት ማዕከል፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት ማኅበር ጥረትና በብዙ ሰዎች መዋጮ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሕጻናት ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር።

በዚያ ጠዋት እናቴ ማተቡን ከአንገቱ ፈትታ በእጇ ጨበጠች። ሐኪሞቹ የደረቱን አጥንት ከፈቱ፤ ልቡን ለጊዜው አቁመው ደሙን በመሣሪያ እያዘዋወሩ ቀዳዳውን ደፈኑት። በዚያ ሰዓት ወንድሜ ለራሱ መጸለይ እንኳ አይችልም ነበር። ሌሎች ተሸከሙት፦ አንዱ የመሳፈሪያ ሰጠ፤ ሌላው ማደሪያ ሰጠ፤ የማናውቀው ሰው ደሙን ለገሰ፤ አያታችን እየሰገዱ ለመኑ።

ከዚያም አጥንቱ እስኪገጥም በብብቱ ይዘን እንዳናነሣው ታዘዝን። ዛሬ ማንም አያዝለውም፤ በእግሩ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ማተቡም ከጠባሳው በላይ ታስሯል።

ወጣቶች ሆይ! በየመንደራችን ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ አለ። «እግዜር ይማርህ» ብለን ብቻ አንለፈው፤ ወደ ሐኪም እናድርሰው፤ ለመንገዱ እናዋጣ፤ 18 ዓመት የሞላን ደም እንለግስ፤ ሁላችንም እንጸልይ። ተሸካሚ አጥቶ በደጅ የሚቀር ልጅ አይኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።