መድረስ ወይስ ማደግ?

ባለፈው ኅዳር እህቴን ልጠይቅ ቦንጋ ወርጄ ነበር። ኅዳር በከፋ ቡና የሚለቀምበት ወር ነው፤ በየደጁ አልጋ ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቡና ዋጋ ነው። አንድ ማታ ከእራት በኋላ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የገባው የእህቴ ልጅ ስልኩን እንደያዘ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ «አጎቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ልጁ ከሩቅ አገር ልጆች ጋር በኢንተርኔት የሚጫወተው ጨዋታ አለው። በጨዋታው ውስጥ እርሱን የሚወክል አንድ ጀግና አለ፤ ጀግናው አውሬ ሲገድል፣ የተላከውን መልእክት ሲያደርስ ነጥብ ይሰበስባል፤ ነጥቡ ሲሞላ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። የእርሱ ጀግና 38ኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ጓደኞቹ 60ን አልፈዋል። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወደ ኋላ ቀርቷል። አሁን ግን ገንዘብ ከተከፈለው በልጁ ስም ገብቶ ሌት ተቀን እየተጫወተ፣ በአንድ ሳምንት ከጓደኞቹ ደረጃ የሚያደርስለት ሰው አግኝቷል። የሚጠይቀኝ የዚያን ሰው ዋጋ ነው።

«ታዲያ የሚጫወተው ሰውዬው ከሆነ አንተ ምኑን አደግህ?» አልኩት።

«ደረጃው ግን የኔ ነው» አለኝ።

ይህች መልስ እንቅልፍ ነሳችኝ። ለምን እንደ ነሳችኝ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን ለልጁ በሚገባ ለመፍረድ፣ የሚጫወተውን ነገር ዋዛ ነው ብሎ ከመናቅ ማወቅ ይሻላል።

ጀግናን በደረጃ የማሳደግ ጨዋታ የተጀመረው በኮምፒዩተር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በወረቀትና በእርሳስ የሚጫወቱትን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አሳተሙ። በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾ የተባለ ተማሪ ብዙ ሰው በአንድነት ገብቶ የሚጫወትበትን የኮምፒዩተር ዓለም ጀመረ፤ ባልደረባው ሪቻርድ ባርትል አስፋፋው። «ሩንስኬፕ» በ2001፣ «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» በ2004 ሲመጡ ነገሩ የሚሊዮኖች ሆነ።

ቶሎ ለማደግ ተጫዋቾች የደረሱባቸው ዘዴዎች ደግሞ የሚናቁ አይደሉም። ከአቅምህ ጋር የሚመጣጠን ጠላት ምረጥ፤ ደካማው ነጥብ አያስገኝም፣ ኃይለኛው ገድሎ ጊዜህን ያባክናል። በአንድ ሠፈር ያሉትን ተግባሮች አሰባስበህ በአንድ ዙር ፈጽም። ብቻህን አትሂድ። «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ውስጥማ ጀግናውን ማደሪያ ቤት አሳርፎ የወጣ ተጫዋች፣ ሲመለስ ለተወሰነ ጊዜ ከሚገድለው አውሬ እጥፍ ነጥብ ያገኛል። እነዚህን ስሰማ የሽማግሌ ምክር መሰሉኝ። አቅምን ማወቅ፣ ሥራን ማቀናጀት፣ ባልንጀራ ማበጀት፣ ማረፍ! ፍጥነት ሁሉ ነውር አይደለም። በቅኔ ቤትም ደረጃ አለ፤ ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ አድርጎ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። አእምሮው የፈጠነ ቶሎ ቢወጣ የሚነቅፈው የለም። የሚነቀፈው የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ የሚያቀርበው ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት አቋራጭ አለ ማለት ነው፤ አንዱ መንገዱን ያሳጥራል፣ ሌላው መንገደኛውን ያስቀራል። የእህቴ ልጅ የፈለገው ሁለተኛውን ነው። ይህን ይዤ በማግስቱ ጠዋት ልረታው ብሞክር፣ ልጁ ያላሰብሁትን መልስ አመጣ።

«አጎቴ፣ መንገዱን እኮ ሆን ብለው ነው ያስረዘሙት» አለኝ። እውነቱን ነው። በ«ሩንስኬፕ» አንዱን ሙያ እስከ 99ኛ ደረጃ ለማድረስ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። 92ኛ ላይ የደረሰ ሰው «ጨረስሁ» ሊል ይዳዳዋል፤ ነገር ግን ገና ግማሹን መሄዱ ነው። ከዚህም ይብሳል፦ የ«ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ባለቤት ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀግናን በአንድ ጊዜ 90ኛ ደረጃ ላይ የሚያወጣ አገልግሎት በ60 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በመንገዱ ላይ እሾህ የዘራው ራሱ ጫማ ሻጭ ሆነ! «ታዲያ ባለቤቶቹ የሚሸጡትን እኔ ከሌላ ብገዛ ምን ኃጢአት አለው?» አለ ልጁ። ባላስፈላጊ እሾህ ላይ መራመድ በራሱ ጽድቅ አይደለምና ዝም አልሁ።

ቀን ላይ ሦስታችንም እህቴ ቡና ወደምትለቅምበት ጫካ ወረድን። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው ነው፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ ይበቅላል። ችግኙ የመጀመሪያውን ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ አበባው ፍሬ ሆኖ እስኪቀላም ወራት ይወስዳል፤ ጥላው ደግሞ ያዘገየዋል። ባንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ጎን ለጎን ናቸው። በወግ የሚለቅም ሰው ቀዩን ብቻ አንሥቶ፣ ለቀረው ሁለተኛና ሦስተኛ ይመለሳል። የቸኮለ ግን ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ይመጠምጠዋል፤ ቅርጫቱም ባንድ አፍታ ይሞላል።

«አንቺም እንዲህ ለቅመሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት እህቴን።

«ይኼ ልጅ የታመመ ዓመት» አለች ልጇን በአገጯ እያመለከተች። «ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ቡናው እስኪቀላ ይጠብቃል?»

አፈርሁ። የራበው ሰው አቋራጭና የጠገበ ሰው አቋራጭ አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። እህቴ ጥሬውን ስትለቅም ጥሬ መሆኑን ታውቃለች፤ በጥሬ ዋጋም ሸጣዋለች፤ ማንንም አላታለለች። የከሰረችው እርሷው ነች። ነውሩ ያለው አረንጓዴውን ለቅሞ በቀይ ስም በሚሸጠው ላይ ነው። የሚበድለውም ሲኒውን ይዞ የሚጠብቀውን ሰው ነው።

እዚህ ላይ ልጁን የምመልስበት ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ደረጃ ለባለቤቱ ብቻ የተጻፈ ቁጥር አይደለም፤ ለሌላው የሚነገር ቃል ነው። 60ኛ ደረጃ ላይ ያለ ጀግና ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ትልቅ ውጊያ ሲገባ፣ ቁጥሩ «ይህን ሥራ አውቃለሁ፣ ጀርባችሁን እጠብቃለሁ» ይላቸዋል። ቁጥሩን የገዛው ልጅ ግን የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚያነሣ አያውቅም፤ እርሱን አምነው የገቡት ሁሉ አብረውት ይወድቃሉ። በጨዋታ ከሆነ ተነሥተው እንደገና ይጫወታሉ። ከጨዋታው ውጭ ግን ሐኪምም፣ መሐንዲስም፣ መምህርም ደረጃ አላቸው፤ እዚያ የወደቀ ሁሉ አይነሣም።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ስርቆትን ለመከላከል ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጎ ውጤቱ ሲነገር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል። በማግሥቱ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ያን ሁሉ ለኩረጃ ብቻ መስጠት ግፍ ነው፤ መጽሐፍ ያጣው፣ መምህር ያጣው፣ ጦርነት ያፈናቀለው ልጅ በመካከሉ አለ። ቢሆንም ደረጃ በደረጃ ሲያሳልፈን የኖረው ነገር ምን ያህሉ ዕድገት፣ ምን ያህሉ መድረስ ብቻ እንደ ነበር ጠይቆናል። የእህቴ ልጅም የሚቀመጠው ለዚሁ ፈተና ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ልነግረው አፌን ስከፍት ግን ቃሉ አልወጣልኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ከዚህ ላይ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ሥራ ላይ ሆኜ በርቀት ስማር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፈልኝ ሌላ ሰው ነው። ከፍዬ አስጻፍሁ። ከኔ ጋር ይማር የነበረ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ግን የእርሱን ራሱ እየጻፈ፣ እየሰረዘ፣ መረጃ ፍለጋ እየተንከራተተ አንድ ዓመት ዘገየ። በዚያች ዓመት አንድ ከፍ ያለ መደብ ተከፈተ። የምስክር ወረቀቱን ይዤ የቀረብሁት እኔ ነበርሁ። እርሱ ሲመረቅ መደቡ ተይዟል። ከልቡ እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል፤ አልነገርሁትም። እኔም ለራሴ ስል የኖርሁት ልጁ ያላትን ቃል ነው፦ ደረጃው ግን የኔ ነው።

ልብ በሉ፤ ልጁ ያሰበው ከኔ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እርሱ የሚገዛው 60ኛ ደረጃ ከማንም አይወሰድም፤ በዚያ ዓለም ደረጃ አያልቅም፣ መቶ ሰው ቢወጣ ለመቶ አንደኛው ቦታ አለ። የኔ ግን አንድ ወንበር ነበር። ታዲያ ትልቁ በዳይ ትንሹን ሊመክር ይችላልን? አይችልም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዝም ማለቱ ሁለተኛ ማታለል ሆኖ ታየኝ።

ከጫካ ስንመለስ ልጁን ወደ ኋላ አስቀርቼ የጽሑፉን ነገር ነገርሁት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። አልገረመውም፤ አልፈረደብኝምም። ጥቂት መንገድ ሄደን፣ «ሰውየው አሁንም እዚያው ናቸው?» አለኝ።

«እዚያው ነው» አልኩት።

ገንዘቡን ሰጠሁት። የምሰጠው ፈቅጄለት ሳይሆን፣ ከልክዬው ቢታዘዘኝ ያደግሁት እኔ እንጂ እርሱ ስለማይሆን ነው አልኩት። አመስግኖ ኪሱ ከተተው።

ከአንድ ወር በኋላ ከአዲስ አበባ ደወልሁለት። ስለ ቡናው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ትምህርቱ ጠያይቄ፣ በመጨረሻ እንደ ዋዛ፣ «ጀግናህስ ስንተኛ ደረጃ ደረሰ?» አልኩት።

«አርባ አንድ» አለኝ።

ሦስት ደረጃ ብቻ! ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ስስቅ፣ «እርስዎስ አጎቴ? ለሰውየው ነገሯቸው?» አለኝ።

ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ኔትወርኩ ግን ደኅና ነበር።