እንግዳ መቀበልና የአልጋ ዋጋ

አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር፥ ከድንኳኑ ደጃፍ በቀትር ተቀምጦ ሳለ ሦስት እንግዶች ባየ ጊዜ ሮጦ ተቀበላቸው እንጂ ማን እንደ ሆኑና ስንቃቸው ምን ያህል እንደ ሆነ አልመረመረም (ዘፍ. 18፥1-8)። በሀገራችንም መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባው ነበር። የማደሪያ ዋጋ የሚባል ነገር አይነሣም ነበር።

ዛሬ ግን ኑሮው ተለውጧል። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው አውራ ጎዳና በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመኪና ከተሠራ ወዲህ መንገደኛው በዝቶ፥ በየከተማው ምግብ ቤት፥ መጠጥ ቤትና አልጋ ቤት ተከፍቷል። በከሚሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለችው ሐርቡም ከእነዚህ ከተሞች አንዲቱ ናት። በዚህ ጎዳና በሞተር ብስክሌት ሀገር እየጎበኙ የሚያልፉ ሰዎች አሉ። የመኪና ተሳፋሪ ፀሐዩንና ዝናሙን በመስኮት ይከላከላል፤ ሞተረኛው ግን የቆላውን ሙቀትና አቧራ በገላው ይሸከማል፥ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገትም ብርዱን በደረቱ ይቀበላል። ስለዚህ ከተሳፋሪው ይልቅ የጥንቱን የበቅሎ መንገደኛ ይመስላል፤ ውኃና ጥላ፥ መኝታና ሞተሩን የሚያሳድርበት ግቢ ይሻል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ይህን ሁሉ አዘጋጅቶ በገንዘብ የሚያሳድር ሰው እንግዳ ተቀባይ ይባላልን? ወይስ ዋጋውን በብር ስለ ተቀበለ በሰማይ የሚጠብቀው የለምን? እኔ ራሴ፥ የሚያስከፍል ሰው ነጋዴ እንጂ እንግዳ ተቀባይ አይባልም እያልሁ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ።

ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ሁለት የእንግዳ ማደሪያዎች ተጽፈው እናገኛለን። ፊተኛው በቤተ ልሔም ያለው ነው፤ እመቤታችን ጌታን በወለደች ጊዜ በዚያ ስፍራ አልተገኘላትም (ሉቃ. 2፥7)። ሁለተኛው ደጉ ሳምራዊ ወንበዴዎች ያቆሰሉትን ሰው የወሰደበት ነው። ሳምራዊው ለጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጠ፥ ከዚያ በላይ የሚያወጣውንም ሲመለስ ሊከፍለው ቃል ገባለት (ሉቃ. 10፥30-37)። መተርጉማን ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን፥ ጠባቂውን በመምህራን፥ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ ይመስላሉ። ማደሪያው የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ለመሆን ከበቃ፥ ጠባቂውም ገንዘብ በመቀበሉ ካልተነቀፈ፥ ዋጋ መቀበል በራሱ ነውር እንዳልሆነ ይታወቃል። ባለ አልጋ ቤቱ አንሶላ ያሳጥባል፥ ውኃ ያስቀዳል፥ ለሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል። ሁለቱን ማደሪያዎች የለያቸው በአንደኛው ለችግረኛ ስፍራ መታጣቱ፥ በሁለተኛው መገኘቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደሴ ስመለስ የተሳፈርሁበት መኪና ተበላሽቶ ሐርቡ አደርሁ። በመሸ ጊዜ ሁለት የውጭ ሀገር ሞተረኞች መጡ። የቤቱ እመቤት ደስ ብሏት የግቢውን በር ከፈተች፥ ለእጃቸው ውኃ አቀረበች፥ ቡና አስፈላች። መልካም አደረገች። ጥቂት ቆይቶ የታመመች የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የሚሄዱ አንዲት ባልቴት ከደጅ ቆሙ። ገንዘባቸው ለአልጋ እንደማይበቃ በተረዳች ጊዜ «አልጋ አልቋል» አለቻቸው። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው ባዶ እንደ ነበረ ግን አይቼ ነበር። በመንገዱ ማዶ ያለ አንድ ሙስሊም ባለ ሱቅ ይህን ሰምቶ፥ «እናቴ፥ ቤት የአላህ ነው፤ ይግቡ» ብሎ ወሰዳቸው።

በመጀመሪያ ሴቲቱን በልቤ ወቀስሁ። ሌሊት ግን ወቀሳው ወደ እኔ ተመለሰ። በተማሪነቴ አኩፋዳ አንግቤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በሰው ደጅ ያደግሁ እኔ፥ የዚያን አልጋ ዋጋ ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ በኪሴ ይዤ ዝም አልሁ። ሳምራዊው እኮ የማደሪያው ጌታ አልነበረም፤ እንደ እኔ መንገደኛ ነበረ። በሰው ቤት ሆኖ በሁለት ዲናር እንግዳ ተቀባይ ሆነ። አይቶ ያለፈው ግን ካህኑ ነበረ።

ስለዚህ በገንዘብ የሚታደርበት ቤት የእንግዳ አቀባበልን ሕግ አላስቀረም፤ ለባለቤቱም ለከፋዩም አካፈለው። የባለቤቱ ድርሻ ዋጋን ማስተካከል ነው። ኦሪት መጻተኛን እንደ ሀገር ልጅ ውደድ ካለች በኋላ ወዲያው ስለ እውነተኛ ሚዛንና መስፈሪያ ታዝዛለች (ዘሌ. 19፥33-36)፤ እንግዳውን በፈገግታ ተቀብሎ ከሀገሬው እጥፍ የሚያስከፍል ሰው ፊተኛውን ትእዛዝ በኋለኛው ያፈርሳል። ሁለተኛም፥ ሞተሩን አስነሥቶ ለሚሄድ ሰው መጠጥ መደጋገም እንግዳን አክብሮ ለሞት መሸኘት ነውና፥ ወይ መጠጡን ይከልክለው፥ ወይ አሳድሮ ይሸኘው። ሦስተኛም፥ ከአልጋዎቹ አንዷን መክፈል ለማይችል ሰው ያስባት። ሐዋርያው ያዕቆብ ባለ ወርቅ ቀለበቱን አክብሮ ድኻውን መናቅን የነቀፈው ለዚህ ነው (ያዕ. 2፥1-4)።

ይህ ጎዳና ጎብኚን ብቻ አላሳለፈም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በጸና ጊዜ የተራበው ሕዝብ የወጣው ወደዚሁ አውራ ጎዳና ነበር፤ ከዳሩ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር። ማን በሞተር፥ ማን በእግሩ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አልጋ ቤት ቢኖርህ የሚከፍለውን በደስታ ተቀበል፥ ለማይከፍለውም ስፍራ አኑር። በአልጋ ቤት ያደርህ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ከደጅ የቆመውን ሳትመለከት በርህን አትዝጋ። በአብርሃም ድንኳን የተገኘ አምላክ በቤታችንም በመንገዳችንም እንግዳን የምናይበት ዐይን ይስጠን። አሜን።